ሁለት ቀሚስ ብቻ

ጥቅምት 7፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የጠዋቱን ፈረቃ አስተምሬ ገባሁ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ጋቢውን አራገፍኩ። የልብስ ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ሥሩን ልጠርግ ስል ታችኛው ጣውላ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ምስጥ! ክዳኑን ከፈትኩት። ደብተሬ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከታች የነበሩት አምስት ቀሚሶች ወንፊት ሆነዋል። ሦስቱን ከሠርጌ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልለበስኳቸውም። የተረፉትን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ዘጠኝ። አሥራ አራት ቀሚስ ነበረኝ ማለት ነው! ደግሜ ቆጠርኩ። ዘወትር የምለብሰው ሁለት። ሌላውን ለምስጥ ነው ያስቀመጥኩት። አራቱን ሞከርኩ፤ አንዱም ወገቤ ላይ አልዘጋ አለ።

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ፣ ከእራት በፊት

ወሰንኩ። ሁለት ቀሚስ ብቻ። አንድ ለሥራ፣ አንድ ለቤተ ክርስቲያን። አንድ ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ሹራብ። ቀሚሶቹን ራሴ እሰፋለሁ፣ ካገር ሸማ። ሲቀደዱ በእራፊ እጥፋቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ትራስ ይሁኑ፣ ከዚያ ወዲያ መወልወያ። ለሴቶቹ ተማሪዎች የእጅ ሥራ አስተምራለሁ፤ መሃረብ እናስጠልፋለን፣ የትራስ ልብስ እናሰፋለን። ለራሴ ግን አንድ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። ያሳፍራል።

ለጌታሁን ነገርኩት። ባለቤቴ አውራጃ ጽ/ቤት ጸሐፊ ነው፤ እቤትም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ልብሴን ሁሉ ላወጣው ነው አልኩት። ቀና ሳይል «እንደፈቀድሽ» አለ። በቃ። ፈቀደ።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ

ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩወርቅ እኅቷን ልትጠይቅ ቡሬ ሄዳ ነበር። ስምንቱን ቀሚሶች ሰጥቻት በሸማ ለውጣልኝ መጣች። ዘጠነኛውን አዲሱን እስክሰፋ ድረስ ለብሼዋለሁ። ሸማው ወፈር ያለ፣ ጥለት የሌለው፣ ነጭ። ለሁለት ቀሚስ በቅቶ ይተርፋል።

በምስጥ ከተበሉት ቀሚሶች አንዱን ፈትቼ እንደ ልክ አስቀመጥኩት። ቆረጥኩ። ከትናንት ጀምሮ በእጄ እየሰፋሁ ነው። ዛሬ ለመለካት ብለብሰው ሁለቱም እጅጌ የግራ! ክው አልኩ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ማንም አላየኝም፤ በሩን ግን ዘጋሁ።

ጥቅምት 21፣ ሰኞ

አዲሱን ቀሚስ ለብሼ ት/ቤት ሄድኩ። ቀለለኝ። ወገቤን አይዝ፣ ክንዴን አያንቅ። በደስታ ግቢው ውስጥ ስገባ ዲሬክተራችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ። አፌን ያዝኩ። ማንም አልሞተብኝም ብላቸው አላመኑኝም፤ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ። እምቢ ብዬ አስተማርኩ።

ማታ ሁለት ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጡ። ጥለት የሌለው ነጭ፣ ጌጥ የለ፣ ሌላ ቅያሪ የለ፤ ሐዘን እንጂ ሌላ ምን ይባል አሉ። ስቄ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ሳቁ አልመጣልኝም።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ሁለተኛውን ጨረስኩ። ዘጠነኛው አሮጌ ቀሚስ መወልወያ ሆነ። እጅጌው የቀኝም የግራም ነው!

ጌታሁን ግን ምን ነካው? ሰሞኑን ከጽ/ቤት እኩለ ቀን ላይ ብቅ ይላል። ውሃ ይጠጣል፣ ይመለሳል። በአራት ዓመት ትዳራችን አድርጎት አያውቅም። ትናንት ባዶውን ሳጥን ከፍቶ ሲያይ ደረስኩበት። ምን ፈለግህ? ምንም። ምግብም ቀንሷል። ቀሚሱ አምሮብኛል? አልኩት። «ለአንች ከተመቸሽ» ብሎ ወጣ።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

 በተራ ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለሁ ከመንገዱ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። «ልጄን! ወየው ልጄን!» ድምፁን አወቅኩት። እናቴ! ሽንዲ ያለችው እናቴ! ወንድሜ ሞቷል ብዬ እኔም እየጮህኩ ወጣሁ። አጥሩ በር ላይ ተገጣጠምን። እኔ «ወንድሜን!» እላለሁ፤ እሷ ለቅሶዋን አቋረጠች። ፊቴን አየች፣ ነጩን ቀሚስ አየች። «አንች… አለሽ?» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከኋላዋ መሪጌታ ይኄይስ ቆመዋል፤ የሽንዲው ደብራችን የቅኔ መምህር። ከሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች። ከሽንዲ ቡሬ በበቅሎ፣ ከቡሬ እስከዚህ በጭነት መኪና። እኔን ሊያለቅሱ ነው የመጡት። እኔን!

እናቴ ውሃ ጠጥታ ተናገረች። ሽንዲ ገበያ ላይ አረንጓዴውን የመልስ ቀሚሴን የማታውቃት ሴት ለብሳው አየች። ደረቱ ላይ ያለውን ቢጫ መስቀል እናቴ ናት በእጇ የጠለፈችው፤ አትስተውም። ሴትዮዋን ጨምድዳ ያዘቻት። ከቡሬ ገበያ ነው የገዛሁት አለቻት። እናቴ የሞተ ሰው ልብስ መሆኑን በልቧ ቆረጠች። ማስታወሻ እንዲሆናት ቀሚሱን አስመለሰችው። በምን? የክት ቀሚሷን ከቤት አምጥታ ሰጥታ! አሁን እናቴ ያላት የለበሰችው ብቻ ነው። እኔ ጠበበኝ ብዬ የሰደድኩትን ከብብቷ አወጣችው። 

ከዚያ ጌታሁን ከጓዳ ወጣ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችው እናቴ «አንተ!» አለችው። «ልጄን ራቁቷን አስቀረሃት! ልብሷን ሸጠህ ጠጣኸው!» ጌታሁን ጠጅ አይቀምስም።  የሱ ዝምታ ከስድቧ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽምግልና ይቀመጣሉ። እናቴ ይዛኝ ልትሄድ ነው።

ኅዳር 4፣ እሑድ፣ ማታ

መሪጌታ በርጩማው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ። እናቴ በር ላይ፤ ዕቃዬን ለመጫን የተዘጋጀች ትመስላለች። የሚጫን ዕቃ ግን የለም።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቀሚሱስ ሄደ፤ ልብስ?»

በሁለት በኩል ሰማሁት። ልብስ ወይስ ልብ? ጌታሁንም ሰምቶታል መሰለኝ፤ አንገቱን ደፋ።

ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ስለ ምስጡ፣ ስለ አሥራ አራቱ ቀሚስ፣ በሁለት ቀሚስ መኖር ስለመፈለጌ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጡ። እናቴ አላመነችም፤ አስገድዶ ነው የሚያስብላት አለች። ያኔ ጌታሁን ተነሣ።

«እኔ የመሰለኝ ልትሄድ ነው» አለ። «ሰው ዕቃውን ሁሉ የሚያወጣው ቤት ሊለቅ ሲል ነው። እኩለ ቀን የምመጣውም መኖሯን ለማየት ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከሦስት ሳምንት በላይ! እዚሁ፣ አንድ ማዕድ ላይ!

ሰው ፊት መሆኔን ረስቼ «ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«ብጠይቅሽና ‹አዎ› ብትይኝስ?»

 እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እንደፈቀድሽ» ያለኝ ፈቅዶ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ፊቱን አላየሁትም፤ ሳጥኔን ነበር የማየው።

መሪጌታ ፈረዱ። ሰው የሚያወራው ስለ ቀሚሱ ሳይሆን ስለ ባልና ሚስቱ ነው አሉ። በመጪው ቅዳሜ ሁለታችንም ገበያ እንድንወጣ፤ ጌታሁን ሰው እያየው ጨርቅ እንዲገዛልኝ፤ የምመርጠውም የምሰፋውም እኔ እንድሆን። እናቴ አምስት ካልሆነ አለች። ተከራከሩ። በአንድ አለቀ። ሦስት ቀሚስ ሊኖረኝ ነው። ይሁን። አራተኛ ግን የለም።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

መሪጌታና ሽማግሌዎቹ ሰኞ ተመለሱ። እናቴ ቀርታለች። ዛሬ ቀሚሴን ገልብጣ ስፌቱን አየችና «ይህን ለብሰሽ ነው ተማሪ ፊት የምትቆሚ?» ብላ ተርትራ ጣለችው። ተናደድኩ። መልሳ ልትሰፋው መርፌዋን ስታስኬድ አየሁ፤ ስፌቷ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የተቀራረበ። ንዴቴ ጠፋ። መሃይም የምላት እናቴ! ደብተሬ፣ ይህን የጻፍኩት ለአንች ብቻ ነው።

የተረፈውን ሸማ አወጣሁ። ለሷ ይሁን አልኩ። እምቢ አለች። ልለካት ስል ክንዷን ዘረጋችልኝ። አብረን እየሰፋን ነው፤ እሷ ጎኑን፣ እኔ እጅጌውን። ሁለት ጊዜ ነው የምለካው።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እናቴ ትናንት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ አረንጓዴውን ለማስታወሻ በብብቷ ይዛ ሄደች። ጌታሁንን ስትሰናበት «እርስዎ» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

ከሽምግልናው ወዲህ እኔና እሱ ብቻችንን አላወራንም። ዛሬ ጠዋት እግሩን ሲታጠብ ውሃ እያፈሰስኩለት ነገርኩት። አልሄድም አልኩት። ለመሄድም አላሰብኩም። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የምፈልገውን ስናገር ቀና ብለህ እየኝ፤ እኔም ዝም ስትል እጠይቅሃለሁ አልኩት። እግሩ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንዲህ ቡናማ መሆኑን አላውቅም ነበር። በአራት ዓመት! እንዴት አላየሁትም?

አሁን ገበያ ልንወጣ ነው። ባሎች ፊት ፊት፣ ሚስቶች ከኋላ ነው የሚሄዱት፤ እናቴም እንዲያ ነው ስትሄድ የኖረችው። እኔ ከኋላ አልሄድም። ጎን ለጎን። ነግሬዋለሁ። ሰው ምን ይላል? አለኝ። ብዙ ይላል አልኩት። አሰበ፣ አሰበና «እሺ» አለ። ሲል ፊቱን አየሁት። እሺታው የእውነት ነው።

በር ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው። መጣሁ ብዬ መለስኩለት። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉም ወደ ገበያ ነው፣ ወ/ሮ ጥሩወርቅም አጥሯ ላይ ቆማ ታያለች። ይየን፤ ከጎኑ ልሄድ ወጣሁ።