ሳላውቅ የጠመቅኩት ጠላ

ለኪሮስ፣ ለብርቄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ ያለህበትን አላውቀውም። እኔ ግን አለሁ። ከተለያየን ዓመት ሊሆነን ነው፤ ሙት ዓመትህ ደርሷል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ተናድጄብህ ነው። አሁንም አልበረደልኝም፤ አፍኜ ከምይዘው ልንገርህና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ቀይዋ ፍየል መንታ ወለደች። የጓሮው ቀፎ ካንተ በኋላ ባዶውን ከርሞ፣ አበባ ሲፈነዳ ንብ ገባበት። ልጃችን ብርቄ ሰቆጣ ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች፤ ሠርጓ ባንተ ሐዘን ምክንያት ተላልፏል። እህትህም ያን ሁሉ የዋግ መንገድ ከዝቋላ በእግሯ መጥታ ጠይቃኛለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከሆስፒታል ስትመለስ ጨጓራ ነው አሉኝ፣ በርበሬ ቀንሺልኝ አልከኝ። እኔ ሞኟ አመንኩህና አልጫ ስሠራልህ ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆንክ። ጀምበር ሳትጠልቅ ከእርሻ የማትመለሰው ሰውዬ፣ በጊዜ እየመጣህ ደጃፍ ላይ ከጎኔ ትቀመጥ ጀመር። ከጎረቤታችን ጋር በወሰን የተኳረፋችሁትን አንተው ሄደህ ታረቅክ። ለብርቄ ሠርግ ያስቀመጥኩትን ነጭ ማር ከፍተህ በጣትህ ስትልስ አገኘሁህና ጮህኩብህ። ማር እኮ ሊበላ ነው የተሠራው ብለህ እኔንም አቀመስከኝ። አንድ ቀን ደግሞ ዝቋላ ሄደን እህቴን እንጠይቃት፣ አብረን እንሂድ አልከኝ። አዝመራው ይግባና ለከርሞ አልኩህ። በትርህን አነሳህና ብቻህን ሄድክ። ከርሞ እንደሌለህ ታውቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

አልዋሽህም፣ እነዚያን ወራት ደስ ብሎኝ ነው ያሳለፍኳቸው። ባሌ በስተርጅናው እንደ አዲስ ወደደኝ ብዬ ለጎረቤት ሴቶች አውርቻለሁ።

ከዚያ የሚካኤል ስለት አለብኝ፣ ዘንድሮ ሰፋ አድርጌ ልዘክር ነው አልከኝ። ጌሾውን እኔው ወቀጥኩ፤ ጠላውን ጠመቅኩ፤ በተረፈው ነጭ ማር ጠጅ ጣልኩ። ዳስ ተሠራ። ካህናቱ መጡ፣ የኔ ቢጤው ሳይቀር ተጠራ። አንተ ነጠላህን አደግድገህ በሰዉ መሃል እየተዘዋወርክ ብሉልኝ ጠጡልኝ ትል ነበር። ካህናቱ የክርስትና ስምህን እየደጋገሙ ሲጸልዩ፣ ስለቱ ሠመረለት ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። አመሻሽ ላይ በቋንቋችን በኻምጣንጋ ሲዘፈን እጄን ይዘህ መሃል አስገባኸኝ። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ አልጨፈርክም።

ከቀበርንህ በኋላ ለአርባህ ጌሾ ማስጣት ስጀምር የነፍስ አባታችን መጡ። ዙሪያ ጥምጥም ሲሉ ቆይተው፣ ልጄ አትድከሚ፣ እሱ ተዝካሩን በቁሙ አውጥቷል አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። የቁም ተዝካር የሚያወጣ እኮ ልጅ የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ ከሞትኩ በኋላ ማን ያስበኛል የሚል ሽማግሌ ነው። አንተ ማንን አጥተህ ነው? እኔ ነበርኩልህ። ለባሌ የምሠራው የመጨረሻ ሥራ እሱ ነበር፤ እሱንም ከእጄ ነጠቅከኝ። ወንድምህ ያውቅ ነበር። ካህናቱ ያውቁ ነበር። በባሏ ተዝካር እልል ያለች ሴት በዋግ ምድር ከኔ በቀር ያለች አይመስለኝም። ያን ቀን ስንቱ እልልታዬን ሰምቶ አንገቱን እንደደፋ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ለምን እንዳልነገርከኝ አባታችን አጫውተውኛል። ከነገርኳት ከዛሬ ጀምራ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ሳቋን ነው የምፈልገው ብለሃቸዋል። ይሁን። አንተ ሳቄን ጠግበህ ሄድክ። እኔስ? አንተ ሞትህን ስላወቅክ እያንዳንዷን ቀን አጣጥመህ ኖርካት። እኔ እነዚያኑ ቀናት በርበሬ ስቀንስ፣ ማር ስደብቅ፣ ለከርሞ ስል ጨረስኳቸው። ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፣ እውነትህን ነው። አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን ተነስቼ ዝቋላ አብሬህ እሄድ ነበር። ያን መንገድ ነው የከለከልከኝ። ዕድሜ ልኬን አብሬህ ኖሬ የመጨረሻዋን ዓመት ብቻህን ኖርካት። ክህደት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ብናደድብህም ያስተማርከኝን አልክድህም። ዘንድሮ ማሩ ሲቆረጥ ብርቄን ጠርቼ እዚያው ቀፎው ሥር ቆመን በላን። ለሠርጉ ይቀመጥ አላልኩም። ለሙት ዓመትህም እህትህን ላመጣት ዝቋላ የምሄደው እኔ ነኝ፣ አዝመራው ገባም አልገባም። ጉልበቴን ያመኛል፤ ከርሞ ደግሞ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

አባታችን የቁሙ ይበቃል ቢሉም ሙት ዓመትህን አወጣለሁ። ጠላው ለማን እንደሆነ አውቄ እጠምቀዋለሁ። እልልታዬን ወስደሃል፤ ለቅሶው ግን የኔ ነው፣ ያን አልተውልህም። በሕይወት እስካለሁ ቀንህ በመጣ ቁጥር አስብሃለሁ፤ አንዳንዴ ተናድጄ፣ ብዙ ጊዜ ናፍቄህ።

የኔም ቀን መቅረቡን ካወቅኩ እንዳንተው የቁም ተዝካሬን አወጣ ይሆናል። ድግሱን አልጠላሁትም። ለብርቄ ግን አስቀድሜ ነግሬያት ነው። መጀመሪያ ታለቅስ። ከዚያ ጌሾውን እኔና እሷ በአንድ ሙቀጫ እየተቀባበልን እንወቅጠዋለን።

ሚስትህ ዝናሽ