ከአንድ ካርቶን የወጡ ስልኮች

ሰኞ

ኑሪያን የፋብሪካው በር ላይ አቆሟት። ስልኳ ቀይ አሳየ። እኔ የሠራሁት ቀይ።

ኑሪያ ግቢያችን ውስጥ ከእናቷ ከእማማ ሐሊማ ጋር የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የፋብሪካው ሠራተኞች ጠዋት በስልካቸው የሚፈርሙበትን መተግበሪያ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንዷ ለቀረች ጓደኛዋ እየፈረመች አስቸገረች ተባለ፤ ስለዚህ መተግበሪያው የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ወይም የአይፎኑን ሥሪትና አንድ መለያ ቁጥር አንብቦ ይይዛል። አንድ ስልክ ለሁለት ሰው ከፈረመ ሁለቱም ላይ ቀይ ይበራል። ቀዩን ያስጀመርነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ከኑሪያ የስፌት መስመር ግማሹ ሠራተኛ ቀይ ሆነ።

«አቦ ቲጂ፣ ወላሂ ስልኬን ለማንም አልሰጠሁም» አለችኝ። ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። በማጭበርበር ለተባረረ የሥራ ልምድ አይጻፍለትም፤ ፓርኩ ውስጥ ሌላ ፋብሪካም አይቀበለውም። እስከዚያ በወረቀት እየፈረሙ ይሠራሉ፣ ሰው እያያቸው።

እኔ ምን አልኳት? «ምናልባት ሳታውቂ ጫልቱ ተጠቅማበት ይሆን?» ጫልቱ አጠገቧ የምትሰፋ ጓደኛዋ ናት። ኑሪያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። መተግበሪያውን ስጭንላት እኮ «ይኼ ቁጥር ያንቺ ስልክ ብቻ ነው፣ እንደ ጣት አሻራ» ያልኳት እኔው ነኝ። ኑሪያን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። መተግበሪያውን የማውቀው ከጥር ወዲህ ነው። ያመንኩት ግን እሱን ነው።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አይጣል። ቢሮ እንደገባሁ ቀይ የሆኑትን ከፍቼ አየሁ። ሞዴል፣ አንድ ዓይነት። ሥሪት፣ አንድ ዓይነት። መለያ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት። «ይኸው፣ ተያዙ» አልኩ በልቤ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ አልዋሽም። ኮዴ ሠራ ብዬ።

ከሥራ መልስ ኑሪያ ጫልቱን ይዛ መጣች። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ስልኮቻቸውን ተቀብዬ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ የጫልቱ ጥጉ የተሰነጠቀ። የስልኩን መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ያው ቁጥር። ሁለት ስልክ ፊቴ ተቀምጦ መተግበሪያዬ አንድ ነው ይለኛል።

«የት ነው የገዛችኋቸው?»

«ታይዋን ነዋ» አለች ጫልቱ፣ ገበያውን ማለቷ ነው። «ሁላችንም ከአንድ ሰውዬ። አንድ ካርቶን ያዘልን።»

ለካ ፋብሪካው በስልክ ፈርሙ ሲል የብዙዎቹ ስልክ ከመደወል የማያልፍ ነበር። ዕቁብ ገቡ። ዕጣ የደረሳት ብር ሳይሆን ስልክ ትወስዳለች። ነጋዴውም ከዚያው ካርቶን እያወጣ ሰጣቸው።

ቤት ገብቼ ስለ መለያ ቁጥሩ የተጻፈውን የኮድ ማብራሪያ አነበብኩ። ያኔ ማንበብ የነበረብኝን። አይፎን ላይ የምወስደው ቁጥር የዚያ ስልክ ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ የወሰድኩት ግን የስልኩ ቁጥር አይደለም፤ ስልኩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ቁጥር ነው። አብረው የተሠሩ ስልኮች ሁሉ ይጋሩታል። እኔ ደግሞ በአንድ ኮድ ለሁለቱም ሠራሁ ብዬ ስኩራራ ነበር። የሞከርኩት በእኔ፣ በአለቃዬና በወንድሜ ስልክ ነው፤ ሦስቱም የማይመሳሰሉ። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ሽርጥ ያሸረጡትን ሁሉ አንድ ሰው ናችሁ እንደማለት ነው ያደረግኩት።

ቀይ የሆኑት እኮ የእኔን መተግበሪያ ለመታዘዝ ብለው ስልክ የገዙት ናቸው። አለቀስኩ። ኑሪያ በመስኮት «ምን አገኘሽ?» ስትለኝ «ገና ነኝ» አልኳት።

ረቡዕ

ለኤርሚያስ ነገርኩት። አለቃዬ ነው። ምሳ ሳይደርስ ያዝኩት፤ ከጫት በርጫ በኋላ ሁሉን ነገር እሺ ይልና ማግስቱን ይረሳዋል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«አስተካክዪው። ነገ አዲሱን ሥሪት እንላክ። ስለ ድሮው ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹን የሚቀጣው ፋብሪካው ነው፣ እኛ አይደለንም። ትዕግሥት፣ ሌሎች ሁለት ፋብሪካዎች ከእኛ ጋር ውል ሊፈርሙ ነው። ዝም አይነቅዝም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ተመርቄ ቤት ስቀመጥ ሥራ የሰጠኝ እሱ ነው። ለዚህም ይሆናል ዝም ያልኩት። ስሜን ያወጣልኝ ሰው ቢያየኝ ተገቢ ስም ነው ይል ነበር።

ከሰዓት አስተካከልኩት። አሁን መተግበሪያው መጀመሪያ ሲከፈት ለራሱ አዲስ ቁጥር ያወጣና እዚያው ስልክ ላይ ይይዛል። ቀላል ሥራ ነበር። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ማታ እማማ ሐሊማ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አሉኝ። እያደር የሚለው ዓርብን ይጨምር እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ

አዲሱ ሥሪት ጠዋት ሄደ። ቀይ የነበሩትንም በስልክ አስፈረሟቸው፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ረፋድ ላይ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ደወለች፤ ኤርሚያስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። «አያችሁ? ስናስፈራራቸው አቆሙ። ዛሬ አንድም የተደገመ ስልክ የለም። ነገ ኮሚቴው የሚከራከርበት ነገር አይኖርም፤ እግዜር ይስጥልን።»

ማስተካከያዬ ማስረጃ ሆነባቸው። ሌባ ያደረግኳቸው ሳያንስ የፈራ ሌባ አደረግኳቸው።

ኤርሚያስ ስልኩን ዘግቶ ዓይኔን አላየም።

ከምሳ ዕረፍት በኋላ ቢሮ አልተመለስኩም። ታይዋን ሄጄ ነጋዴውን ፈለግኩት፤ ሙሳ ይባላል። ከዚያ ጭነት የቀረ ያልተከፈተ ስልክ አለው። «ከተከፈተ አዲስ አይባልም እኮ» አለኝ። የራሴን ስልክ መያዣ ሰጠሁት። አየኝና «ለነዚያ ልጆች ነው?» አለ። ወሬው ገበያ ደርሷል።

ከዚያ ለኑሪያ ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። መጨረሻ ላይ «ማክሰኞ አውቀሽ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እርጥቡን ልብስ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችው።

«ጫልቱ ትናንት ቢዮ አዋሌ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። ሰርቪስ ላይ ሌቦቹ መጡ ሲሏት አልቻለችም። እኔ ለሁሉም ጎረቤቴ ናት የሠራችው እያልኩ ስኮራብሽ ነበር እኮ፣ ቲጂ።»

ኑሪያ ስትደውልላት የጫልቱ ስልክ አይነሳም።

ዓርብ

ኮሚቴው ፊት አስገቡኝ። ኃላፊዋ ተጨማሪ ማስረጃ ያመጣሁ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ። ያልተከፈተውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ላስቲኩን ራስዎ ይቅደዱልኝ» አልኳት።

ስልኩ በርቶ እስኪከፈት ዕድሜዬ አለቀ። ከኮሚቴው አንዱ ለጁምዓ ልውጣ እያለ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ የድሮውን ሥሪት ከላፕቶፔ ላይ ጫንኩበት። ነጋዴው ተሳስቶ ቢሆንስ? የሌላ ጭነት ቢሆንስ? የመተግበሪያውን ምልክት ነካሁ። ገጹ ተከፈተ።

ያው ቁጥር። ከእነሱ መዝገብ ጋር እያስተያየች ፊደል በፊደል አነበበችው። በመዝገባቸው መሠረት የሰው እጅ ነክቶት የማያውቅ ስልክ ለእነ ኑሪያ ፈርሟል።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

ላፕቶፔን ዘግቼ ተነሳሁ።

ከሰዓት ክሱ ተነሳ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ተብሎ ተለጠፈ፣ ያ ብቻ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ፋብሪካው ከእኛ ጋር አልሠራም ብሏል። ኤርሚያስ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጫልቱን ግን ወደ ሥራዋ አልመለሷትም። ከረቡዕ ወዲህ ስለቀረች በገዛ ፈቃዷ እንደለቀቀች ተቆጥሯል። ማጭበርበር አይደለም፣ መቅረት ነው አሉ። ደንብ ነው።

እሑድ

ኑሪያ ዛሬ ቢዮ አዋሌ ሄዳ መጣች። አብሬሽ ልሂድ ብላት «አንቺ ቆይ» አለችኝ። ጫልቱን አግኝታታለች። ስልኳን ሸጣዋለች። ስሟ እንደጠራ ስትነግራት «ለማን ነው የጠራው?» አለቻት። አትመለስም።

ለኃላፊዋ ስለ ጫልቱ የጻፍኩትን ደብዳቤ ኑሪያ ነገ ይዛላት ትገባለች። የማውቀውን ሁሉ፣ ቀኑንም፣ የእኔን ዝምታም ጽፌያለሁ። ይረዳት እንደሆነ አላውቅም።

ፋብሪካው ሌላ እስኪያገኝ የሚፈርሙት በእኔው መተግበሪያ ነው። ኑሪያ አመሻሽ ላይ ስልኳን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። አልገባችም። አዲሱ ሥሪት በትክክል መጫኑን እንዳረጋግጥላት ፈለገች። ገጹን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየኋት።

«ይኼ የእኔ ብቻ ነው?»

«ያንቺ ብቻ ነው።»

«ያኔም እንደዚሁ ብለሽኝ ነበር» አለችና ስልኳን ተቀብላ ሄደች።

ገብቼ ኮዱን እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ፣ ማንም ሳይቀጥረኝ። ነገ ጠዋት እሷ ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ እኔ ግቢያችን በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቀይ በርቶባት ትመለስ እንደሆነ እጠብቃለሁ።