ሁሉም አራት ዲግሪ

መጋቢት 8፣ ሰኞ

የዘጠኙም ክሊኒኮች የሳምንት ሪፖርት ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ገባ። የዘገየ የለም። ስርዝ ድልዝ የለም። የክትባት ፍሪጆቹ ሁሉም አራት ዲግሪ። የሚፈቀደው ከሁለት እስከ ስምንት ነው፤ የኛዎቹ መሀል መሀሉን ይዘዋል።

ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ማኅበሩ የሪፖርትና ቁጥጥር ኃላፊ አድርጎ ሲቀጥረኝ ክሊኒኮቹ የሚመሩት በስልክና በጭምጭምታ ነበር። ድርጅት እንደ ሰው አካል ነው፤ ከእግር ወደ ጭንቅላት ወሬ ካልደረሰ እግር ሲቃጠል ጭንቅላት አያውቅም እያልኩ አስተማርኩ። ሳይበርኔቲክስ፣ በሚመለስ ወሬ የመምራት ጥበብ፣ የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተሳሳቁ። አሁን ይሳቁ እንጂ!

ትዝታ፣ ጸሐፊዬ፣ አንዱን ወረቀት ዘቅዝቃ ስቴፕል አድርጋ አመጣች። ጮህኩባት። "ይቅርታ ጋሽ ሲላስ" እያለች ሽቦውን በጥፍሯ ስትነቅል ጣቷ ደማ። አይቼ ፊቴን ወደ ሪፖርቱ መለስኩ። ሥራ ላይ ለምን ልባቸውን አያደርጉም?

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጇ ወ/ሮ ገነቴ ቢሮዋ ጠራችኝ። ከቦኖሻ ከተማ አለፍ ብላ ባለችው ክሊኒካችን አካባቢ ኩፍኝ ገብቷል። ሰባት ልጆች። አንዷ ሆስፒታል ናት፣ ኦክሲጅን ላይ።

"የተከተቡ ናቸው?" አልኩ።

"ስድስቱ ካርድ አላቸው። የኛ ካርድ። ኦክሲጅን ላይ ያለችውም።"

አይሆንም አልኳት። የዚያ ክሊኒክ ፍሪጅ ለሰባት ወር ከመስመር ወጥቶ አያውቅም። ሪፖርቱን አምጥቼ አሳየኋት። እሷ ግን ወረቀቱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሄድኩ። ፍሪጁን ስከፍተው ውስጡ እንደ ቁም ሣጥን ነው። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ። በሩ ላይ የተለጠፈው ቅጽ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት፣ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት... ገና ቀትር ሳይሆን የዛሬው የማታ ሁሉ ተሞልቷል!

ነርሷ ጵርስቅላ ትባላለች። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተበላሸው?"

"ከጥር።"

"እና ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ከቦኖሻ ለስላሳ ከሚሸጡት ጋ በረዶ እያመጣሁ... አንዳንድ ቀን ግን መኪና የለም።"

"ለምን አልጻፍሽም?"

መሬት መሬት ታያለች።

"ሰው ነሽ ግን አንቺ?" አልኳት። ልጅ ያዘሉ እናቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አለቀሰች። እንድትባረር የሚጠይቀውን ደብዳቤ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ጻፍኩ። ሲመሽ ሳይሆን ያኔውኑ፣ ንዴቴ ሳይበርድ። ማምሻውን ለወ/ሮ ገነቴ ሰጠሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለደብዳቤው ማስረጃ ልሥራ ብዬ የዘጠኙን ክሊኒክ የሰባት ወር ቅጽ ዘረገፍኩት። ግራፍ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነጠብኩ።

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ። መብራት ይጠፋል፣ በር ይከፈታል... የሚሠራ ፍሪጅ እንዲህ ነው። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠኙም ቀጥ አሉ። አራት፣ አራት፣ አራት። ልቡ እንደቆመ ሰው።

ይህን እኮ የማስተምረው እኔ ነኝ! የማይለዋወጥ ቁጥር ሲመጣላችሁ አትመኑት፣ የስህተት ወሬ የማይደርሰው አመራር ዕውር ነው እያልኩ። ለሦስት ወር ይህን ቀጥ ያለ መስመር እያየሁ ደስ ሲለኝ ከረመ። እንዴት?

ያን ሳምንት ምን ነበር? ይህንኑ ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ታኅሣሥ 14፦ "ግምገማ ነበር። አጵሎስን ልክ አስገባሁት።" ይኸው ነው። ሌላ አልጻፍኩም።

አስታወስኩት ግን። አጵሎስ ዝንጅብል በሚመረትባት በሀደሮ የክሊኒካችን ኃላፊ ነው። ቅጹ ላይ አሥራ አንድ ዲግሪ ብሎ ጽፎ፣ የፍሪጁ በር ጎማ አልቋል ቀይሩልኝ ብሎ ነበር። ሠላሳ ሰው ፊት አስቆምኩት። "አቶ አጵሎስ፣ ክትባት ነው የምታስቀምጡት ወይስ የሀደሮን ዝንጅብል ነው የምታደርቁት?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ጎማው ተቀየረለት? አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ ዘነበች ምሳ ልትጠራኝ መጥታ በእጄ ላይ ወረቀቱን አየች። ነገርኳት።

"የልጆቻችንን የትምህርት ቤት ካርድ ማን ነበር የሚፈርመው?" አለች።

"እኔ ነኛ።"

"ከሰማንያ በላይ ሲያመጡ አንተ። ሲወድቁ እኔ።" እየሳቀች ነው የምትለው። "ኢዮብ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ወድቆ እንደነበር ታውቃለህ?"

አላውቅም። ልጁ አሁን መሐንዲስ ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አጵሎስ ለመድኃኒት መጥቶ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ። ምን እንደፈለግኩ ገርሞት ብርጭቆውን እያዞረ ይጠብቃል። ግራፉን አሳየሁት።

"እንግዲህ ደረሱበት" አለ።

"ተማክራችሁ ነው?"

"ምን ምክር ያስፈልገዋል ጋሼ? እኔን እስከ ዛሬ ዝንጅብል ነው የሚሉኝ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ሌላው አይቶ ተማረ።"

"አራት ለምን? አምስት ለምን አይሆንም?"

"አራት እርስዎን አያስቆጣም።"

"ማነው አራት ይሁን ያለው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ!" አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው። አለመቆጣቱ ባሰብኝ።

የሀደሮው ፍሪጅ ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። "እውነቱን?" አለ። "እውነቱን።" "ጠዋት አሥር ነበር። ጎማው ያው ነው።" ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር... እሱም አውቆ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከኔ ድምፅ ሊሸሽ ወንበር ገፋ።

ዘጠኝ ክሊኒክ፣ መቶ ዓይነት ችግር። የኔ ቅጽ ደግሞ አንድ ሳጥን። እሱንም ሳጥን በፍርሃት ደፈንኩት።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ደብዳቤውን ላነሳ ወ/ሮ ገነቴ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ? ትዝታ አየችኝ። ያላየች መሰለች። እሷም ለምዳለች።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዛሬም ከበሩ ተመለስኩ። ሕፃኗ አሁንም ኦክሲጅን ላይ ናት። ስሟ ሐዳሳ ነው። ዛሬ ነው ስሟን የጠየቅኩት።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ግምገማ። በጸሎት ተከፈተ። የመጀመሪያው አጀንዳ የጵርስቅላ መባረር። ጥግ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ።

ተነሣሁ። ግራፉን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። "እዚህ ጋ መስመሩ የሞተበት ቀን እኔ አጵሎስን ያዋረድኩበት ቀን ነው" አልኩ። "ጵርስቅላ ውሸት ጽፋለች። እውነት ብትጽፍ ምን እንደማደርጋት አይታለች። ደብዳቤዬን አንስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሠላሳ ሰው ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ጥሏል። ለካ እንዲህም ይፈሩኛል... ደግ ስናገር ጭምር።

በመጨረሻ አጵሎስ፦ "ጋሼ፣ ይሄ የምርዎ ነው ወይስ ማን አፉን እንደሚከፍት ሊያዩ ነው?" አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ወ/ሮ ገነቴ ወሰነች። ለጵርስቅላ ማስጠንቀቂያ። ሪፖርቱን ከእንግዲህ አጵሎስ ይቀበላል፤ በኔ እጅ አያልፍም። እኔ ደግሞ ከጵርስቅላ ጋር ቤት ለቤት እየዞርኩ በክሊኒኳ ከጥር ወዲህ የተከተቡትን ልጆች ሁሉ እንደገና አስከትባለሁ። መቶ አርባ ሁለት ልጅ። "ተስማምተሃል?" አለችኝ። ተስማማሁ። ሰው ፊት አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐዳሳ ከኦክሲጅን ወጥታለች። ቤቱ ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲል እኔ ግራፉን ከሰሌዳው ላይ ነቅዬ አጠፍኩት።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

አጵሎስ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሪፖርት ይቀበላል። ስልኩ እረፍት የለውም። "ስንት? አሥራ ሁለት? በርታ፣ በረዶ እልካለሁ" ሲል ይሰማኛል። አራቱ ፍሪጅ ተበላሽቶ የከረመ ነው። አራቱ! በሬን ዘጋሁ። ብዙ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ስምንተኛ ቀናችን። ጵርስቅላ የክትባቱን ሳጥን፣ እኔ መዝገቡን ይዘን ጭቃውን እንሄዳለን። ከሥራ በቀር አታናግረኝም። "በዚህ በኩል ነው።" "ስሟን ይጻፉ።" ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ሁለት ጊዜ። "እሺ" ብቻ ነው ያለችው።

ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ አላስገባ አለችን። በሀዲይኛ ነው የምትናገረው። "አንድ ጊዜ ወግታችኋታል። ውኃ ነው የወጋችኋት አሉ።" ወደ ጵርስቅላ ጠቆመች። "ይቺ ናት ያበላሸችው።"

ጵርስቅላ እኔን አላየችኝም። ሳጥኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ሽበቴን፣ ጫማዬን።

"አንተ?"

"እኔ።"

አንቱታ አልጨመረችበትም። ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈታች። "እንግዲያው አንተው ያዛት" አለች።

ያዝኳት። ጵርስቅላ ክንዷን ጠርጋ ወጋች። ልጅቱ ደረቴ ላይ ተወጥራ በጆሮዬ ሥር ጮኸች። ልመልስላት ወደ እናቷ ዞርኩ። እጇን አልዘረጋችም። ጩኸቱ እስኪያልቅ ድረስ ይዤ ቆምኩ።