የበሰበሰው የእቃ ማጠቢያ ጠረጴዛ

ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እናትሽ ሆዷን ታማ ሰንብታ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፣ አትደንግጪ።

የሠራሁላት የእቃ ማጠቢያ ጠረጴዛ ውሃ ያስገባል ስትለኝ፣ "አርባ ዓመት አናጢ የሆንኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" እያልኩ ዝም አሰኘኋት። ጎረቤታችን ነርሷ ልትጠይቃት መጥታ ከሥሩ ብታይ፣ እንጨቱ በስብሶ ሻግቷል። በረሮው ከዚያ እየወጣ ሰሃናችን ላይ ይሄዳል። "የሕመሟ ምንጭ ይኸው ነው" አለችኝ። ለካ ጠርዙን ውሃ የሚያግደውን ሲሊኮን አልቀባሁትም!

ነቅዬ እንደገና ሠራሁት፤ አሁን ጠብታ አያልፈውም። በየቀኑም በበረኪና ወልውዬ አደርቀዋለሁ።

ስትደውዪ "አባዬ ይቅርታ ብሏል" በያት፤ እኔን አፌ እንቢ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ነርሷ "ራስዎ ይበሏት እንጂ!" ትላለች። እሷ ዝም ብላ ትጻፍ።

ቤትሽን ሰላም ይሙላው፤ ብቻ ቶሎ ደውዪ።