ስለ ኋላ በሩ እና ስለ መያዣው ብረት

ለተከበሩ ሐጂ ናጂብ
በጅግጅጋ ያር ሠፈር የሚገኘው የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ሐርጌሳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ እንዴት ነው? በተለይ ዳሌዎና ወገብዎ ደህና መሆናቸውን ከልብ እመኛለሁ፤ ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣው አይታወቅምና ከአሁኑ ቢጠነቀቁ መልካም ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እርስዎም እንደ እኔ ድሬዳዋ ያደጉ ሰው በመሆንዎ ነው። በሶማሊኛ ብጽፈው ከተማው ሁሉ ያነበው ነበር። ደብዳቤው ግልጽ ቢሆንም ለጊዜው በመጠኑ ብቻ ግልጽ እንዲሆን አስቤልዎታለሁ፤ ለዚህ አሳቢነቴ ምስጋና አልጠብቅም። ይልቅስ እኔ የማመሰግንዎትን ነገሮች በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. በመጀመሪያ ስለ ኋላ በርዎ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ አባቱን ማረፊያ ቤት ያስገባ ልጅ አባቱን እንደጣለ ይቆጠራል። አባቴ አቶ ዳሂር ግን መርሳት ጀምረው ነበር፤ እኔ ሥራ ስውል ምድጃ ለኩሰው ይወጡና ወደ ቤት መመለሻው ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ወደ እርስዎ አመጣኋቸው፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሠፈር ላሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄደዋል አልኳቸው። እርስዎ ምንም አልጠየቁኝም። ዘበኛዎ ሁለቴ ሳንኳኳ በኋላ በር ያስገባኝ ነበር፤ ሌሎችም ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲገቡ አይቻለሁ፤ እርስ በርስ ሰላምታ አንለዋወጥም። እርስዎ ዘንድ አባት አለኝ የሚል ሰው ስለሌለ ስለ አባቱ አቤት የሚልም የለም። በስድስት ዓመት አንድም ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም ብለው ሲናገሩ የሰማሁት እውነት ነው፣ እመሰክራለሁ።

2. በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ስለተሰቀለው የጥራትና የደህንነት መመሪያም አመሰግናለሁ። እንግሊዝኛው ያማረ ነው፤ መስታወቱም በየቀኑ ይወለወላል። አሥራ ሁለት ተራ ቁጥሮች አሉት፤ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ሰባተኛው በመጸዳጃና በመታጠቢያ ስፍራዎች ሁሉ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የእጅ መያዣ ብረት ይኖራል ይላል።

3. ሦስተኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። አባቴ ከድሬዳዋ ጅግጅጋ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዱ ሰው ነበሩ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ካልያዘ ሞተር አያስነሱም ነበር። የእኔን ስም እንኳ በረሱበት ጊዜ ይህንን አልረሱም፤ ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ ያዝ ይሉታል። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ እጅና እግራቸውን ሊታጠቡ ገቡ፤ እኔ ደግሞ መቀበያው ውስጥ ሆኜ ስጠብቃቸው መመሪያዎን አነብ ነበር። የውዱእ ቤቱ ወለል ለስላሳ ሴራሚክ ነው፤ ለዘጠኝ ሽማግሌ የተመደበው አንድ ነጠላ ጫማ ደግሞ ሶሉ አልቆ ወረቀት ሆኗል። ድምፁን የሰማሁት ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ ሳለሁ ነው። ስደርስ ወለሉ ላይ ነበሩ፤ የፕላስቲኩን የውዱእ ጆግ እጀታ ግን አጥብቀው እንደያዙ ነበር። ሌላ የሚያዝ ነገር አልነበረም።

ዳሌያቸው ተሰብሮ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከዚያም አረፉ። ቀብር ላይ ዘመዶቼ የአዲስ አበባው ሕክምና እንዴት ነበር ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ነበር አልኩ። አላለቀስኩም፤ አሁንም አላለቀስኩም። ምንም አይሰማኝም፣ ሐጂ፤ እንዲሰማኝ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልዎ።

4. ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው የአደጋውን ሪፖርት በፖስታ አሽገው ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ቀኑና ሰዓቱ በትክክል ተሞልቷል። የአደጋው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ቀደር ተብሎ ተጽፏል። እኔም በአላህ ቀደር፣ እሱ አስቀድሞ በወሰነው፣ አምናለሁ፤ አባቴም ያምኑ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬናቸውን ሳያዩ ተነሥተው አያውቁም። ሥራችንን ትተን ጉድለቱን በእሱ ስም መጻፍ ድፍረት ይመስለኛል፤ እርስዎ ግን ሐጅ ያደረጉ ሰው ነዎትና ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

5. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉም፣ ከአባቴ በኋላ ውዱእ ቤቱ በር ላይ ወለሉ ያዳልጣል የሚል ቢጫ ምልክት ማቆምዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ምልክቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ይተኙ የነበሩት አቶ አደን ቁርኣን እንጂ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ዓይናቸውም ስለደከመ ባለፈው ሳምንት በምልክቱ ተደናቅፈው ግድግዳ ይዘው ተረፉ። እሳቸው በቀን አምስት ጊዜ እዚያ ይገባሉ። የምጠይቅዎ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አቶ አደን የሚይዙት ብረት ይገጠምላቸው።

እስከ ሐሙስ ድረስ ካልተገጠመ አርብ ከጁምዓ በኋላ የዚህን ደብዳቤ የሶማሊኛ ትርጉም በፊት ለፊቱ በርዎ ላይ እለጥፋለሁ። የእኔም ውሸት በውስጡ ስላለ ዘመዶቼ ከእርስዎ በፊት እኔን ይረግማሉ። ይሁን። ምስጢሬን ስለጠበቁልኝ ውለታዎ አለብኝ፤ ከእንግዲህ ግን አያስፈልገኝም።

ለአረጋውያን ያለዎት ርኅራኄ ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ እስኪደርስ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ሳጋል ዳሂር
31 ሜይ ሠፈር
በክፍል አራት፣ በመስኮቱ በኩል ተኝተው የነበሩት ሰውዬ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ መያዣውን ብረት ራሴ አሠርቼ ባለፈው ሰኞ ለዘበኛዎ አስረክቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት በአጥሩ በኩል ሳልፍ ጓሮ ውስጥ በሁለት እንጨት ላይ ተጋድሞ ልብስ ሊደርቅ ተሰጥቶበት አየሁት። ሦስት እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ከዚያ አይከብዱም ነበር።