የወንድሜ ጃኬት

ጥቅምት 5

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ቀሚስ ዚፕ ቀየርኩ። የባንኩ ጥበቃ ገበሩ የተቀደደ ኮት አመጣ፤ ለነገ አልኩት። እንደ ልማዱ "ዛሬ አይሆንም?" አለ... አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ መጣ። ሳይደውል። ከዚህ ቤት ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው? መካኒክ ነው፤ ራቅ ያለ ከተማ ጋራዥ አለው። "እታለም፣ አባዬን አይቼ ጥቂት ቀን ልሰንብት ብዬ ነው" አለኝ። "እንኳን መጣህ" አልኩት። ግን የያዘውን አየሁ፤ ሁለት ሻንጣና የመፍቻ ሣጥን። ለጥቂት ቀን የመፍቻ ሣጥን ምን ያደርጋል? አባዬን ሊፈታው ነው?

ማታ ጥናት ነበር። በየረቡዑ ጥርስ ሐኪሟ ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። አብርሃምን ጨርሰን ይስሐቅ ላይ ደርሰናል። ይስሐቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሰዎች መጥተው "ውሃው የእኛ ነው" ሲሉት ትቶላቸው ሌላ ይቆፍራል። ያንንም ሲጣሉት ሌላ። ጥርስ ሐኪሟ "ከዚህ ለራሳችን ምን እንማራለን?" አሉ። ሌሎቹ ትዕግሥት፣ ሰላም ወዳድነት፣ ምናምን አሉ። እኔ ለራሴ የያዝኩት፦ ጉድጓድ ከመቆፈርሽ በፊት ጎረቤቱን አጥኚ።

ጥቅምት 8

አባዬና ወንድሜ ያወራሉ። ስገባ ዝም። ስወጣ ያወራሉ።

ሻይ ይዤ ገባሁ። "ስለ ምን ነበር?" አልኩ። "ስለ ድሮው" አለ አባዬ። ስለ ድሮው ከሆነ እኔስ ድሮ አልነበርኩም?

ደግሞ ይስቃል። ከእኔ ጋር እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የእኛ ወሬ "መድኃኒትህን ዋጥክ?" "ዋጥኩ" ነው። ይህን ቤት በገዛ እጁ የገነባ ግንበኛ ነው አባዬ። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ጥላ ጥላ ነው የሚታየኝ ይላል። እንግዲህ... ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ ቤት ያለው። አፈ ጮሌ ታናሽ ልጅ፣ ድንገት የመጣ። ይህን ታሪክ አላውቀውም?

ጥቅምት 12

የፈራሁት ምዕራፍ ደረሰ። ያዕቆብና ዔሳው። አባት ዓይኑ ፈዟል። ታናሹ የታላቁን ልብስ ለብሶ፣ እጁ ላይ የጠቦት ቆዳ ጠቅልሎ ይገባና ምርቃቱን ይወስዳል። ታላቁ የት ነበር? አደን። አባቱ የላከውን ሊያመጣለት እኮ ነው የሄደው!

ጥርስ ሐኪሟ "ከሁለቱ ራሳችሁን የምታዩት በማን ነው?" አሉ። ሁሉም ተሽቀዳድሞ ያዕቆብ ሆነ። እኔ "ዔሳው" አልኩ። "የበኩር ልጅ ነኝ። አባቴን የማበላው፣ ልብሱን የማጥበው፣ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ተማርሽ?"

"ዓይኑ የደከመ አባትና ምላሰኛ ታናሽ ወንድም አንድ ክፍል ውስጥ ትቶ አደን አይወጣም።"

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ይሄ የመጽሐፉ ትምህርት ነው ወይስ የአንቺ?" አሉኝ። ልማዳቸው ነው፤ የሚያመውን ጥርስ ፈልገው ነው የሚነኩት።

የምፈልገው ምርቃቱን ነው? ቤቱን? ሁለቱንም። የስፌት ክፍሌን ከወሰዱብኝ የት ልገባ ነው? ምርቃቱን ደግሞ... አባዬ ራሴ ላይ እጁን ጭኖ መርቆኝ አያውቅም። "ጎበዝ" ይለኛል። ጎበዝ ምርቃት ነው? ለባንኩ ጥበቃም ጎበዝ ይለዋል።

ጥቅምት 13

ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ወንድሜ የስፌት ክፍሌ ውስጥ ቆሞ ግድግዳ ይለካል። በእኔ ሜትር! ከጓዳው በር እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ መንገድ በሩ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እንዲያው ነው እታለም።"

ሰው እንዲያው ግድግዳ ይለካል? ሜትሬን ገልብጦ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ገባኝ። ክፍሉ መንገድ ዳር ነው፤ በሩም ሰፊ ነው። ጋራዥ ሊያደርገው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ... እኔ እንኳ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ያስጥለኛል?

ጥቅምት 17

ክር ልቀይር የስፌት መኪናዬን ሳቆም ድምፃቸው መጣ። መኪናው ገና የሚሠራ መስሏቸው ነው ጮክ ያሉት።

አባዬ፦ "እስክትወጣ ድረስ ምንም እንዳትነግራት።"

ወንድሜ፦ "ብትጠይቀኝስ?"

አባዬ፦ "ቀልድባት።"

ቀልድባት! እስክትወጣ! ማን ነው የምትወጣው? እኔ? ከገዛ ቤቴ?

መርፌ ወጋኝ። ልጸልይ ተንበረከኩ። የወጣኝ ጸሎት አይደለም፣ ክስ ነው። እግዚአብሔርንም ጨምሬ ከሰስኩት፤ ያዕቆብን ለምን ዝም አልከው አልኩት። ያታለለው እሱ፣ የተባረከው እሱ።

ጥቅምት 19

ዛሬ የያዕቆብ አጎት ላባ። የእህቱን ልጅ ሊቀበል ሮጦ ወጣ፣ አቀፈው፣ ሳመው ይላል። ከዚያ ምን እንደሠራው የታወቀ ነው፤ ራሔልን እድርልሃለሁ ብሎ ልያን ዳረለት። ለራሴ፦ ሮጦ ከሚያቅፍ ዘመድ ተጠንቀቂ።

ጠዋት ወንድሜ ሻይ አፍልቶ፣ ዳቦ ገዝቶ ጠበቀኝ። ኋላ እንዲያው እንደ ዋዛ "ያቺ ጓደኛሽ አሁንም ትደውላለች?" አለኝ። ስፌት አብረን የተማርን ልጅ ናት፤ ሌላ ከተማ ማሠልጠኛ ከፍታ፣ ነይና ቅድ አስተምሪልኝ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ አባቴን ለማን ትቼ?

እሱ ይህን ከየት ሰማ? እዚያ ብሄድለት አይደል ክፍሉን የሚረከበው? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 22

ብጠይቅ ይቀልዱብኛል። ባልጠይቅ ያስወጡኛል። አባዬ እውነቱን የሚናገረው ለወንድሜ ብቻ ነው። እንግዲያው ወንድሜን መሆን ነው።

ሁሌ የሚለብሰው ጃኬቱ አለ። አባዬ ጥላ ነው የሚያየው። ድምፄን ማወፈር አያቅተኝም፤ ያ ልጅ ደግሞ ግማሹን ንግግሩን "እህ" ብሎ ነው የሚጨርሰው።

ኃጢአት ነው? ርብቃ ልጇን እርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን ብላዋለች። ለእኔ እንዲህ የሚለኝ የለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣልም ይባላል... ያውጣ። ዘንዶው ቤት ውስጥ ከሆነ ማወቅ አለብኝ።

ጥቅምት 23

አደረግኩት። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በተራ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ወንድሜ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሄደ። ሙቀት ስለነበር ጃኬቱን በሩ ላይ ሰቅሎት ወጣ። ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ለበስኩት። ገባሁና እንደ እሱ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"መጣህ?" አለ አባዬ። መስኮቱ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ነበር።

"እህ።"

"ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።"

ተቀመጥኩ። እጁን ዘረጋ፤ የጃኬቱን እጅጌ ዳሰሰ፤ ከዚያ ጣቶቼን ያዘ። ላብ አጠመቀኝ። አንድ በአንድ ዳሰሳቸው... አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ማውራት ጀመረ።

"ስማኝ ልጄ። ለእህትህ ዓይኔ ጨርሶ እንደጠፋ አልነገርኳትም። ጥላ ይታየኛል እያልኩ አታልላታለሁ። ምንም አይታየኝም። ይህን ካወቀች ራሷን ከዚህ ወንበር ጋር ሰፍታ ትቀራለች።"

ምንም አይታየኝም? ከመቼ ጀምሮ? አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ፣ ሁሉን እየጠረጠርኩ፣ ይህን እንዴት ሳልጠረጥር?

"አንተን ና ያልኩህ ለዚያ ነው። እሷ ጓደኛዋ ጋ ትሂድ። ስልክ ስታወራ በግድግዳው ይሰማኛል። አባቴን ለማን ትቼ ትላታለች። ለእኔ ብላ ይመስላታል። ፈርታ ነው። እኔ ደግሞ የልጄ ሰበብ ሆኜ መሞት አልፈልግም።"

ልነሣ ነበር። እጄን አለቀቀኝም።

"ሂጂ ብላት አባረረኝ ትላለች። ታውቃት የለ? ጨዉን፣ ስኳር ቢሆንስ ብላ ቀምሳ ነው የምትጨምረው። አብርሃምን ከአባትህ ቤት ውጣ ያለው ሊያባርረው ነው? ሊባርከው ነው እኮ! እሷ ብትሆን ቤቴን ለማን ልትሰጥብኝ ነው ትለው ነበር። ቤቱ የትም አይሄድም። የሁለታችሁ ነው። የመጣች ቀን ክፍሏ ክፍሏ ነው።"

ልስቅም ላለቅስም ደረስኩ። ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ እጁን አነሣና ራሴ ላይ ጫነው። ሲሚንቶ የበላው እጁን። ክብደቱ እስካሁን ራሴ ላይ አለ። "መንገድህን ያቅናልህ። የረገጥከው ይመችህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። የሚያምንህ ሰው አያሳጣህ፤ የምታምነውም ሰው አያሳጣህ" አለ።

"ተባረኪ።"

ተባረክ አላለም። ተባረኪ ነው ያለው። ጆሮዬ ነው እንዳልል፣ ትንሽ ቆይቶ "ጃኬቱን ወደ ቦታው መልሺለት፣ ሲመሽ ይበርደዋል" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከኝ አባዬ?" አልኩት፣ በገዛ ድምፄ።

"ወንድምሽ ጉሮሮውን የሚጠርገው በር ላይ ነው፤ እንዳልደነግጥ። አንቺ ገብተሽ ነው የጠረግሽው።"

ስለዚህ ያን ሁሉ "አንተ" ሲል ለእኔ ነበር የሚያወራው። ፊት ለፊት ቢነግረኝ እንደማላምነው ያውቃል። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ምስጢር ልሰርቅ ገብቼ የሰረቅኩት የራሴን ምርቃት ነው።

ጥቅምት 24

ቤቱ ሲንኳኳ ዋለ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ እንጨት ይመታል። ከአባዬ አልጋ ጀምሮ፣ በስፌት ክፍሌ በኩል፣ እስከ መንገድ በሩ። አባዬ እየያዘው ብቻውን እንዲወጣ ነው። የለካው ይህን ነበር።

ምስማር እያቀበልኩት "የመጣኸው ለአባዬ ብቻ ብለህ ነው?" አልኩት። ምን ላድርግ? አመሌ አይለቀኝም።

መዶሻውን አስቀመጠ። "አይ እታለም። ጋራዡ ተዘግቷል። አባዬ ባይጠራኝም መግቢያ አጥቼ መምጣቴ አይቀርም ነበር።"

ጠርጥሬ ነበር! መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ወዲያው አፈርኩ። ማረፊያ ፈልጎም መጥቷል፤ አባቱን ወዶም መጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ሁልጊዜ አንዱን አግኝቼ ሌላውን ሐሰት ነው እላለሁ።

ጥቅምት 26

ወንድማማቾቹ ከዘመናት በኋላ ተገናኙ። ዔሳው ሮጦ ያዕቆብን አቀፈው፤ ተላቀሱ። ስጦታውን እንኳ በቂ አለኝ ብሎ ሊመልስለት ነበር። ከዚያ "አብረን እንሂድ" አለው። ያዕቆብ ምን አደረገ? ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ከብቶቹ ያጠባሉ ብሎ፣ ሰበብ ደርድሮ፣ በሌላ መንገድ ሄደ። ታርቆም አላመነውም! ሳነበው ፊቴ ጋለ።

ጥርስ ሐኪሟ "ዛሬም ዔሳው ነሽ?" አሉኝ።

"አይ... ለካ ያዕቆብ ነኝ።"

"አመመሽ?"

"ትንሽ።"

ኅዳር 2

ለጓደኛዬ ደወልኩ። "እመጣለሁ" አልኳት። "አባትሽን ለማን ትተሽ?" አለችኝ። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ! "ደግሞ ምን አስበሽ ነው?" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ፈርቻለሁ። አባዬ እውነቱን ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ኅዳር 14

አዲሱ ክፍል። ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግንብ ነው የሚያየው። ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማርኩ። ኮሌታ ሳሳያቸው መጀመሪያ አጣምሜ ቆረጥኩት፤ ኋላ ተስተካከለልኝ።

ከሥራ ስመለስ ደወልኩለት።

"እንዴት ነህ አባዬ? እየበላህ ነው?"

"በደንብ። ወንድምሽ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ሆኗል" አለ። ከኋላው ወንድሜ "ኧረ አረረ!" እያለ ሲሯሯጥ፣ ክዳን ሲወድቅ ይሰማኛል። ያኔ ቢሆን መስቀለኛ ጥያቄዬን አወርደው ነበር። አሁን "ደስ ይላል" ብቻ አልኩ።

"አንቺስ? እያለቀስሽ ነው እንዴ?"

"አይ። ደህና ነኝ አባዬ። አላለቅስም።"

እንዳይሰማብኝ አፍንጫዬን በእጄ ይዣለሁ። ያ አንዱን የጉሮሮ አጠራረግ ከሌላው የሚለይ ሰው ነው የሚያዳምጠኝ።

"እሺ" አለኝ፣ "አምኜሻለሁ።"