ጳጉሜንን ከሮም ላሰናበቱልን ሊቀ መንበር

ለክቡር አቶ ወንዳፍራሽ፣
በሮምና በአካባቢዋ የአራቱ አጥቢያዎች የጋራ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣
ኤስኲሊኖ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ማኅተምዎስ ደህና ናት? ከኪስዎ እንዳትወድቅ እጅዎን ደረትዎ ላይ ጭነው ሲሄዱ ስለማይ፣ ከልብዎ ይልቅ ለእሷ እንደሚሳሱ አውቃለሁና ሳልጠይቅ ማለፍ ነውር መሰለኝ። እኛ በፒኜቶ አጥቢያ የምንገኝ ምእመናን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከከበሮአችን በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እኔ የሺወርቅ እባላለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የሰው አዛውንት ሳጥብ፣ ሳጎርስና ሳስተኛ የኖርኩ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራሴ የምሆን ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአራቱም ቤተ ክርስቲያኖች በር ላይ፣ ከሰንጠረዥዎ ጎን የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን፣ ለእርስዎ ለብቻዎ የሚነገር ነገር ሁሉ እርስዎ ዘንድ ደርሶ እንደሚቀር በማየቴ ነው።

ጉዳዬ ስለ አንዲት ሕፃን ነው። ባለፈው ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ፣ ፒኜቶ ክርስትና ተነሥታለች። እርስዎ ደግሞ በዚያ ቀን ክርስትና የተነሣ ሰው የለም ብለዋል። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝና ዝም ብል ሩፋኤልም አይወድልኝ። ቅሬታዬን እርስዎ እንደሚወዱት ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሰንጠረዡ የከበረ ምስጋናዬን እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት በሥርዓት አልባነት እንኖር ነበር። አራቱ አጥቢያዎች፣ ማለትም የኤስኲሊኖው፣ የኛው የፒኜቶውና ከከተማው ውጭ ያሉት ሁለቱ፣ ሁላችንም ጣሊያኖች ባዋሱን ቤተ ክርስቲያን የምንቀድስና አንድ ቄስ የምንካፈል ድሆች ነን። ቄሳችን ቀሲስ ኡራኤል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማሉ፤ እሑድ ደግሞ እኛን ይሸከማሉ። ቀድሞ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የማን ተዝካር ደረሰ ተባብለን በስልክ እንስማማና እሳቸውም ወደ ባሰበት ይሄዱ ነበር። እርስዎ ግን ይህን ኋላ ቀር አሠራር አስቀርተው፣ በአራት ቀለም ያሸበረቀ፣ በላስቲክ የተለበደ ሰንጠረዥ አወጡልን። ከላይ የእርስዎ ፎቶ አለ፤ ከእርስዎ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ አነስ ብሎ፣ የእመቤታችን ሥዕል። አንደኛው እሑድ ለኤስኲሊኖ፣ ሁለተኛው ለፒኜቶ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ለሁለቱ፤ አምስተኛ እሑድ የሚገኝ እንደሆነም እንደገና ለኤስኲሊኖ፤ ለቤትዎ ይቀርባልና።

ሰንጠረዡ ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። ጳጉሜን የለችም። መጀመሪያ ስሕተት መስሎኝ ነበር። ጸሐፊዎ አቶ ታረቀኝ፣ ምስጋና ይግባውና እውነት መናገር ገና አልተወም፣ ነገሩን ገልጦ አጫወተን። ቅርጹን የወሰደው ከሚሠራበት የጣሊያን ቢሮ ነበር፤ አሥራ ሁለት ረድፍ ብቻ ስላለው ጳጉሜንን የት ላግባት ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ጳጉሜን ወር አይደለችም፣ ትርፍ ናት፣ ተዋት ብለውታል። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ዘመን አሥራ ሦስት ብለው ሲቆጥሩ የኖሩት፣ ለካ የሚያርማቸው ሊቀ መንበር አጥተው ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ጉዱ የሚሰማባትን ወር ራሷን መሰረዝ ግን ከእርስዎ በፊት ያሰበው ሰው የለም።

፪ኛ፤ አንድ ስላደረጉንም አመሰግናለሁ። አንድነታችን የተጀመረው የኛ ከበሮ ለእድሳት ተብሎ ኤስኲሊኖ በመሄዱ ነው። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ምን ዓይነት በሽታ እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፣ ባለፈው ጥምቀት እዚያው በእርስዎ አጥቢያ ሲመታ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ ግን ደህና ነው። እኛ በጭብጨባ እንዘምራለን። የጉባኤውን ስብሰባ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማድረግዎም ጥበብ ነው። ያን ሰዓት የአራቱም አጥቢያ ሴቶች በሰው ቤት ካውያ ይዘን ሸሚዝ ላይ ነን። በቃለ ጉባኤው ደግሞ፣ እኅቶች በስብሰባ የመሳተፍ ፍላጎት አላሳዩም፣ ተብሎ ተጽፏል። ያነበብኩት የምጠብቃትን አሮጊት ሲኞራዬን ሽንት ቤት አድርሼ እስክትጨርስ በር ላይ ቆሜ ነበርና ሳቄን አፍኜ ዋልኩ።

፫ኛ፤ አሁን ወደ ሕፃኗ ልምጣ። እናቷን ሲኒትን አያውቋትም፤ እርስዎ የሚያውቁት መዝገብ ላይ የገባ ሰው ብቻ ነው። ባሏ ሊቢያ ቀርቶባት፣ እርጉዝ ሆና ሮም የገባች፣ ከከተማው ዳር ባለ የስደተኞች ማረፊያ የተቀመጠች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። በገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። እርስዎ የሥርዓት ሰው ነዎትና እንደሚያውቁት፣ ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሲኒትም አልገባችም። በዚያ የሐምሌና የነሐሴ የሮም ቃጠሎ ሕፃኗን አቅፋ፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ትራም እየቀያየረች፣ ቄሱ ወደሄዱበት አጥቢያ ሁሉ እየተከተለች፣ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ቅዳሴውን በመስኮት ሰምታ ትመለስ ነበር። ወንበር ባወጣላት እንኳ አልቀመጥም አለችኝ። ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ነበር።

ቆጠራው ጳጉሜን ሦስት ላይ ዋለ፤ እሑድ፣ በሩፋኤል ዕለት። ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምትጠራው መልአክ በዓል ላይ ሰማንያ ሲሞላ እልል አያሰኝም? እኛም እልል ልንል ስንሰናዳ፣ ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ በደቡብ ጣሊያን፣ ካላብሪያ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ወዳለች ከተማ እንደሚዛወሩ የሚገልጽ ወረቀት ከማረፊያው መጣ። እዚያ የኛ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ቄስ የለም፤ ያለ ፈቃድም ወጥቶ መመለስ የለም። ለልጅቷ ከዚያች እሑድ በቀር ሌላ እሑድ አልነበራትም።

ሐሙስ ነሐሴ ሠላሳ፣ ከሰዓት በኋላዬን ይዤ ስፈልግዎ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ ሲመርጡ አገኘሁዎት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በትሕትና ነገርኩዎት፤ እርስዎም ኮረሪማውን እያሸተቱ ሰሙኝ። የፒኜቶ ተራ መስከረም አሥራ ሁለት መሆኑን፣ ሕፃኗ እስከዚያ ብትቆይ ሰማይ እንደማይደፋ፣ እናትየዋ የግድ የምትሄድ ከሆነም ማመልከቻ ጽፌ ባስገባ ጉባኤው በጥቅምት እንደሚያየው አስረዱኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን፣ ብዬ ሄድኩ። ከልቤ አልነበረም፤ በዚህ አገር ቫ ቤኔ የሚባለው ሌላ የሚባል ነገር ሲጠፋ ነው።

ለቀሲስ ኡራኤል ደወልኩ። መጋዘን ውስጥ ነበሩ፤ የጋሪው ጩኸት ይሰማኛል። ሰንጠረዡ አይፈቅድም ተብያለሁ አልኳቸው። ጋሪውን አቆሙና፣ «እኔ የተካንኩት ለአሥራ ሦስቱም ወር ነው፤ እመጣለሁ» አሉኝ።

እሑድ ማለዳ እሳቸውም መጡ፤ እርስዎም መጡ። ለአንድም ቅዳሴ ተነሥተው በማያውቁበት ሰዓት ላይ፣ የበሩንና የመጠመቂያው ገንዳ ያለበትን ቁም ሣጥን ቁልፍ ኪስዎ ከተው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ዛሬ አገልግሎት የለም፤ ጳጉሜን በሰንጠረዡ የለችም» አሉን። ሲኒት ሕፃኗን እንደታቀፈች አየችዎት። እኔ ግን ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት እርስዎን ናቅሁ። ንቀቴንም ቤቴ ድረስ ይዤው ገብቼ፣ አድሬ ባየው ያው ስለነበረ፣ የሰከነ ንቀት ነው።

አንድ ነገር ዘንግተው ነበር፤ ቤቱ የጣሊያኖቹ ነው። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ የራሱን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣ። እርስዎም በዚያ በሚኮሩበት ጣሊያንኛዎ ዛሬ ጸሎት እንደሌለ ሊያስረዱት ሞከሩ። ሰውዬው አንዴ ቄሱን፣ አንዴ ሕፃኗን አየና፣ «ቄሱ አለ፣ ልጅቷ አለች፤ ታዲያ ማን ቀረ?» ብሎ ከፈተው። ገንዳው ተቆልፎበት ስለነበር፣ ትራሙ ማቆሚያ ጋ ካለው የባንግላዴሾች ሱቅ ሰማያዊ ሳፋ ገዝቼ ሮጥኩ። ቀሲስ ኡራኤል ውኃውን ባርከው አጠመቋት፣ ሜሮን ቀቧት፣ ማተብ አሰሩላት፤ ስሟንም ወለተ ሩፋኤል አሏት። እናቷ መግቢያው ላይ ጫማዋን አውልቃ ለጥቂት ጊዜ ቆመች። ሰማንያ ቀን ሙሉ በመስኮት ብቻ የሰማችው ቤት ነውና፣ የሴቶች መቆሚያ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም ነበር። እጇን ይዤ አስገባኋት።

እርስዎ ደግሞ በስልክዎ ፎቶ ያነሡ ነበር። ለማስረጃ ነው አሉ። እኛ በልቅሶና በእልልታ መካከል ሆነን አንድም ሰው ፎቶ ማንሣት ትዝ ስላላለው፣ የዚያች ልጅ የክርስትና ፎቶ በዓለም ላይ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። እናቷ ከካላብሪያ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች። ከክሱ ፋይል ውስጥ አውጥተው አንድ ቅጂ ቢልኩልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ይህቺን ምስጋና ግን ያለ ሽሙጥ ይቀበሉኝ።

፬ኛ፤ እና የመጨረሻው። ሲኒት የልጇን የክርስትና ምስክር ወረቀት ብትጠይቅ፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቀን መስከረም አሥራ ሁለት ከሆነ ብቻ ማኅተም እንደሚያደርጉ መልሰውላታል። መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ልጅቷ ካላብሪያ ነበረች። እዚያ ተራራ ላይ በማን እጅ፣ በየትኛው ሳፋ እንደተጠመቀች መዝገቡ ይናገር ይሆን? በሕፃን ልጅ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ውሸት ጽፈን እንድንጀምር መጠየቅዎ፣ ያውም በእግዚአብሔር ቤት መዝገብ፣ ሥርዓት ማለት ለእርስዎ ምን እንደሆነ በደንብ አስተምሮኛል።

የምንለምነው ነገር አንድ ነው። ከበሮው ይቅር፤ ፎቶዎም ከእመቤታችን በላይ እንደተሰቀለ ይኑር፤ የማክሰኞውንም ስብሰባ ያለ እኛ ይደሰቱበት። መዝገቡ ላይ ግን፣ ወለተ ሩፋኤል፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ በቀሲስ ኡራኤል እጅ፣ ተብሎ ይጻፍልን። ደረትዎ ላይ የሚያሞቋትን ማኅተምም ለአንዲት ደቂቃ አውጥተው ይርገጡበት።

ቸሩ አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ዓመትዎንም በአሥራ ሁለት ወር ሳይሆን በአሥራ ሦስት ይቁጠርልዎ እያልኩ፣ የተቆለፈ በር ባንኳኳሁ ቁጥር እርስዎን እያስታወስኩ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የሺወርቅ፣
የሰው ሽማግሌ ጠባቂ፣
የወለተ ሩፋኤል የክርስትና እናት፣
ከፒኜቶ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ሐሙስ ከሰዓት።

ማስታወሻ፦ ለቀሲስ ኡራኤል የጻፉትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አሳዩኝ። «ጳጉሜን ፫ ቀን የሰጠሁትን ትእዛዝ በመተላለፍዎ» ብሎ ይጀምራል። እሰይ፣ ቀኗን ያውቋታል ማለት ነው። ደግሞም ራስዎ ያወጡትን መተዳደሪያ ደንብ አገላብጠን አየነው፤ የሊቀ መንበሩ የሥራ ዘመን ከመስከረም ፩ እስከ ነሐሴ ፴ ነው ይላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። እንግዲህ ይወስኑ ክቡር ሆይ፤ ጳጉሜን ካለች፣ ልጃችን ተጠምቃባታለች። ጳጉሜን ከሌለችም፣ ያን ዕለት ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ማን ነበር?